የመምህር ኤርካሎ አምስት ደቂቃ

መምህር ኤርካሎ ስድስት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምር፣ ከግስ ፊት የቆመን ቃል ሁሉ «አጋዥ ግስ ነው» እያለ አስጽፏል። «ከን»ም አጋዥ፣ «ማስት»ም አጋዥ፣ «ኔቨር»ም «ኦልዌይስ»ም አጋዥ። እሱም ከአስተማሪው የቀዳው እንዲሁ ነበር፤ አስተማሪው ከማን እንደቀዳው እግዜር ይወቅ። የሚያስተምርባት የገሱባ ከተማ ግን በኤርካሎ ማስታወሻ ትምላለች፤ የጎረቤት ከተማዋ የቤሌ ልጆች ሳይቀሩ እያስመጡ ይገለብጡታል።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። ቴሌቪዥኑ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ከሰሌዳው ጎን ተተከለ። ትምህርቱ ከሳተላይት ይወርዳል፤ ቆይ ቢሉት አይቆይ፣ ድገም ቢሉት አይደግም። ለክፍሉ መምህር የተረፈችው መጨረሻ ላይ ያለችው አምስት ደቂቃ ናት። እስከዚያ ጥግ ይዞ መቆም ነው።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው የፕላዝማዋ መምህርት «ኔቨር» እና «ኦልዌይስ» አጋዥ ግስ አይደሉም አለች። ድርጊቱ ስንት ጊዜ እንደሚፈጸም የሚናገሩ ተውሳከ ግሶች ናቸው። ኤርካሎ ምሳሌዎቿን በልቡ አገላበጠ፤ ማምለጫ አጣ። ልክ ናት! ሰባ ልጅ የሱን ስሕተት ታጥቆ ፈተና ሊገባ ነው። እንዳይናገር ሴትዮዋ ቃል አታስገባም፣ ቴሌቪዥኑን እንዳያጠፋው ክልክል ነው።

አምስት ደቂቃዋ ደረሰች። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ጥሩዬ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ማንን እንመን? እርስዎን ነው ፕላዝማዋን?»

ኤርካሎ አፉን ከመክፈቱ በፊት ክፍሉ «ቲቸርን!» ብሎ ጮኸ።

«ልጆች፣ እሷ ልክ ናት» አለ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ደብተራችሁን አውጡና ሰርዙ።»

ሳቁ፤ አጨበጨቡም። ሲያመሰግኑት «እኔ ምን አውቃለሁ» ማለት ልማዱ ነበርና ይህንንም ትሕትናው ነው ብለው ያዙት። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ ኤርካሎ ግን የተናገረው ቢጠፋለት ምንኛ በወደደ!

ወደ ጥሩዬ ሄዶ ሊሰርዝላት ደብተሯን ጠየቃት። በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ታላቅ እህቴ በዚህ ነው ያለፈችው ቲቸር። አልሰጥም።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ወደ ሰሌዳው ሮጦ ጠመኔ አነሳና «ተሳስቻለሁ» ብሎ በትልቁ መጻፍ ጀመረ። ገና ሳይጨርስ ደወሉ ተደወለ፤ ከሳጥኑ ውስጥ የሒሳቡ መምህር ብቅ አለ፤ ሰባውም ልጅ ፊቱን ወደዚያ አዞረ።