ሦስት ቀን የቆየው ላፕቶፕ

ፈዲላ የገርጂውን ሕንጻ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣችና የጥገና ሱቁን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው። ሰላምታም አላስቀደመች።

«ላፕቶፔን ስጪኝ። ተሠራም አልተሠራም ይዤው እሄዳለሁ።»

የሱቁ ባለቤት ፌናን ሶኬት ስትፈትሽ ከነበረችበት ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጉልበቷ ላይ የተለጠፈውን አቧራ እያራገፈች «እንኳን መጣሽ» አለቻት፤ ከልቧ የተደሰተች ትመስላለች። ይሄ የፈዲላን ንዴት ጭራሽ አባሰው። ደንበኛ ደሙ ፈልቶ ሲመጣ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ፈዲላ ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የፓተርን ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ናት። ፓተርን የሚባለው፣ ልብሱ የሚቆረጥበት ልክ፣ የሚወጣው ከእሷ ላፕቶፕ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ስክሪኑ በየአምስት ደቂቃው ድርግም ማለት ሲጀምር ወደ ፌናን አመጣችው። ፌናንም ስክሪኑን የሚያሠራው ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም መታደስ እንዳለበት፣ ከእሱም በፊት ፈርምዌር የሚባለው፣ ማሽኑ ገና ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው የውስጥ ፕሮግራም መቀየር እንዳለበት ነግራት «ነገ ውሰጂው» አለቻት። ነገ ሲደርስ ኢንተርኔቱ ተንቀራፎ ፋይሉ ዘጠና በመቶ ላይ እየተቋረጠ ነው ተባለች። እናም ሌላ ነገ። ነገ የሚባለው ቀን ገርጂ ላይ የማይነጋ ይመስል።

ዛሬ ግን ሌላ ነገ የለም። ማለዳ ቦሌ ያረፈው የውጭ ገዢ ስምንት ሰዓት ላይ ፋብሪካው ይደርሳል፤ የዝናብ ልብሱን ፓተርን ማየት ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ፈቃድ የተሰጠው ለዚህ ማሽን ብቻ ስለሆነ ፋይሉን ገልብጦ ሌላ ላይ መክፈት አይቻልም። ገዢው ባዶ ጠረጴዛ ካየ፣ ፈዲላ ዓመታት ወዳቀረቀረችበት የስፌት ማሽኗ ትመለሳለች። ጠዋት የምርት ሥራ አስኪያጁ አቶ አረጋዊ ሲያፋጥጧት ጥፋቱን በሙሉ ፌናን ላይ ደፈደፈችው። እሳቸውም የፋብሪካውን ሠላሳ ኮምፒውተሮች ጥገና ለዚህች ሱቅ ሊሰጡ አስበው እንደነበር፣ አሁን ግን ለሌላ እንደሚሰጡት ነገሯት። «ይሻላል» አለች ፈዲላ። በንዴት ጊዜ ሰው ብዙ ነገር ይሻለዋል።

«ፋይሉ ትናንት ጠዋት ወርዶ አልቋል» አለች ፌናን። «የቀረው መጫን ነበር። ማሽኑ ግን ባትሪ ከሌለው ፈርምዌር አልቀበልም ይላል። ያንቺ የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ።»

ትናንት የፈዲላ ስልክ በፋብሪካው ደንብ እንደ ሠራተኛው ሁሉ ቀኑን ሎከር ውስጥ ነው የዋለው። ማታ ያልተነሱትን ጥሪዎች ስታይ «ደግሞ ምን ሰበብ አመጣች» ብላ አልፋቸዋለች። ባትሪውን ደግሞ ከአራት ወር በፊት፣ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ባልደረባዋ «ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ከሆነ ይሞታል» ቢላት አውጥታ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ከክረምት ልብሷ ጋር አኑራዋለች። የከተማው ግማሽ ላፕቶፕ የሚኖረው እንዲያ ነው፤ ማሽኑ ሥራ ይውላል፣ ባትሪው ቤት ይጠብቃል።

ቤቷ ከአያት ሰፈርም ወዲያ ነው፤ ሄዶ ለመመለስ ሰዓቱ አይበቃም። ፈዲላ ይህንን እያሰላች ሳለ ፌናን ላፕቶፑን ገልብጣ አሳየቻት። ባትሪ አለው። ትናንት ሱቋን ዘግታ ከገርጂ እስከ መገናኛ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ውላ፣ ልኩን አንድ አሮጌ ማሽን ላይ አግኝታ ለአንድ ቀን ተውሳ ነው ያመጣችው። ያረጀ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ እየተንፏቀቀ ይሞላል። ማሽኑ ሠላሳ በመቶ ይጠይቃል፤ አሁን ሃያ አራት ላይ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ስድስት ከሩብ።

«ባትሪ ሳይጠይቅ በግድ የሚጫንበት መንገድ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች ፈዲላ።

«አለ። አውቀዋለሁም።»

«እና ለምን አታደርጊውም?»

«መሐል ላይ መብራት ከሄደ ማሽኑ ሁለተኛ አይነሳም፤ ፓተርንሽን የሚከፍትልሽም አይኖርም። ሦስት ቀን ብትቆጪኝ ይሻለኛል።»

ፈዲላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሃያ አምስት ሆነ። ሃያ ስድስት። ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሠላሳ ገባ፤ ፌናን ልትጀምር ስትል አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። አጠገባቸው የሚሠራው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ላይ ብየዳ በተጀመረ ቁጥር የሰፈሩ መብራት እንዲህ ይርገበገባል። ፌናን መብራቱ ቢጠፋ የተዋሰችው ባትሪ ማሽኑን ይዞ መቆየቱን እርግጠኛ እንዳልሆነች ተናግራ፣ ምንም እንዳትነካ አስጠንቅቃት ወረደች።

ፈዲላ በመስኮት አየቻት። የፌናን አያት ድሮ ጤፍ ያጭዱበት በነበረው መሬት ላይ፣ በብረትና በሲሚንቶ ክምር መሐል አልፋ፣ ፎርማኑን በኦሮምኛ ስታነጋግረው፣ ሰውየው እየሳቀ ሲያዳምጣት፣ በያጁም መከለያውን ከፊቱ አንስቶ ብሎኬት ላይ ሲቀመጥ አየች።

«አሥራ ሁለት ደቂቃ ሰጡኝ» አለች ፌናን ስትመለስ፣ እያለከለከች።

ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ሰማያዊዋ መስመር ቀስ እያለች ሄደች፣ ቆመች፣ እንደገና ሄደች። ድንገት ስክሪኑ ጨለመ። ፈዲላ ሳታስበው እጇን ስትዘረጋ ፌናን ያዘቻትና አልለቀቀቻትም። የልጅቷ መዳፍ በላብ ረጥቧል። ለካ እሷም ፈርታለች። የማታውቀው ሰው ፓተርን እንዳይጠፋ ከባለቤቱ እኩል የሚፈራ ባለሙያ ፈዲላ አይታ አታውቅም፤ አፈረች፣ ከዕፍረቷ በላይ ደግሞ አደነቀቻት። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ተንፈስ አለና ስክሪኑ በራ።

ድራይቨሩ ተጫነ። ፌናን የዝናብ ልብሱን ፓተርን ስትከፍትም ስክሪኑ አንዴም ድርግም ሳይል እየሠራ ቆየ። ሰባት ከሃያ ሲሆን ባትሪውን ነቅላ፣ ማሽኑ ዛሬ በሶኬት ብቻ እንደሚሠራ አስረድታ፣ ላፕቶፑን አንዲት የወቀሳ ቃል ሳትጨምር አስረክባት ፎርማኑን ልታመሰግን ወረደች።

ፈዲላ ብቻዋን ስትቀር አቶ አረጋዊ ደወሉ። ላፕቶፑ እጇ እንደገባ ስትነግራቸው ድምፃቸው ለዘብ አለ።

«ብትዘገዪም አይዞሽ፤ ያዘገየችሽ ባለሙያዋ እንደሆነች ለገዢው እነግረዋለሁ። ለሌላው ሱቅ የሚላከው ደብዳቤም ተጽፏል፤ መፈረም ብቻ ነው የቀረኝ።»

እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። የሚሰማትም የሚያጋልጣትም የለም። እውነቱን ብትናገር ደግሞ፣ የገዛ ማሽኗን ባትሪ አያያዝ የማታውቅ ኃላፊ መባሏ አይቀርም፤ ያውም ሹመቱ ሊጸናላት በተቃረበበት ቀን።

«አይፈርሙት፣ አቶ አረጋዊ» አለች። «ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ባትሪውን አውጥቼ ቤት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ደጋግማ ስትደውልልኝ መልሼ ያልደወልኩትም እኔ ነኝ። ለገዢውም እንዲሁ ይንገሩልኝ።»

ፈዲላ ማስተባበያ አልጨመረችም። ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ፣ እስኪናገሩ እየጠበቀች ደረጃውን መውረድ ጀመረች።