በብረት ሙቀጫ የተወቀጠው

ፈትለወርቅ ማግኔቷን ከነጩ ዱቄት ውስጥ ስታወጣው ጫፉ ላይ ጥቁር ብናኝ ተለጥፎ ወጣ።

"እማዬ፣ በምንድን ነው የወቀጥሽው?"

እናቷ ብዙነሽ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። "በብረቱ ሙቀጫ ነዋ። 'በደንብ መላም አለበት' ስትዪ ሰምቼ፣ ሳትነሺ ላግዝሽ ብዬ። ደጋግሜ አጥቤዋለሁ እኮ፤ በርበሬ በርበሬ አይልም።"

ፈትለወርቅ ብናኙን በጣቷ ጠርጋ አሳየቻት። አሁን ዱቄት የሆነውን ጨው የመሰለ ጠጠር በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ከፈሳሽ ውስጥ ወሩን ሙሉ ስታሳድገው ከርማለች። የሚመረምረው መሣሪያ ያለው ምሥራቅ ጀርመን ነው፤ መምህሯ ዶክተር ዓምደ ሚካኤል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ይበራሉ። የመመረቂያ ሥራዋ ያለ ምርመራው ከንቱ ነው።

ብዙነሽ ደነገጠች። ግን ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ መደንገጥ አላረካትም።

"ብረት ምን ያደርገዋል?"

"ጠጠሩ ውስጥ ጥቃቅን ማግኔቶች አሉ፤ መሣሪያው የሚያዳምጠው የእነሱን ሹክሹክታ ነው። ኤሌክትሮን የሚባለው ቅንጣትም ማግኔት ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሲሆን አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋል። ብረት ውስጥ ግን ጥንድ ያጡ አሉ።"

"ብቸኞች።"

"ብቸኞችና ጯሂዎች። የቀበሌያችን ድምፅ ማጉያ በያቸው። ሥሩ የቆመ ሰው ሹክ ቢልሽ ትሰሚዋለሽ?"

"የራሴንም አልሰማ። ሸሽቶ እንጦጦ ቢወጣስ?"

"የሩቁማ ይሰማል። ግን ጠጣር ነገር ውስጥ መሸሽ የለም፤ እንደ አብዮት በዓል ሰልፍ ሁሉም በቆመበት ነው። ፈሳሽ ቢሆን እየተዘዋወሩ ጩኸቱን ይካፈሉት ነበር።"

ብዙነሽ ዱቄቱ ላይ አጎነበሰች። "ከምን ያህል ርቀት ጀምሮ ነው የሚሰማው?"

"እንደ ብረቱ መጠን ነው። ካልተለካ አይታወቅም።" ፈትለወርቅ ጠጠሩ በነበረበት ዕቃ ሥር የተረፈውን ያልተወቀጠ ጠጠር አየች፤ ጭብጥ አይሞላም። "ይሄ ትንሽ ነው፣ ድምፁ ይደክማል። ከተወቀጠው ብረቱን በማግኔት ለቅሜ ዝም ብዬ ለዶክተሩ ብሰጣቸውስ?"

"ማግኔቱ ሁሉን ይለቅማል?"

"የዛገው ይቀራል።"

"እንግዲያ ዝም ብለሽ አትስጪ። ሁለቱንም ይውሰዱ። ንጹሑን ለብቻ፣ የእኔን ለብቻ፤ ያወዳድሯቸው።"

"የሙቀጫውን ነገር ሲሰሙ ይስቁብሻል።"

"ይሳቁ።"

ዱቄቱን በወረቀት ጠቀለለችና ከልጇ እጅ እርሳስ ወሰደች። መሠረተ ትምህርት ከጀመረች ገና ክረምቱ አልወጣም፤ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያራቀች ጻፈች፦ "ብረት የነካው። የወቀጠችው ብዙነሽ።"

ፈትለወርቅ ጥቅሉን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

"ቆዪ አንዴ" አለቻትና ብዙነሽ ከሥሩ ጨመረችበት፦ "ርቀቱን ይለኩልን።"