የልደታ ማኅበር ተረኛ

ሰው ፊት «ሃይማኖተኛ ነኝ» አልልም፤ እንዲሉኝ ግን እወዳለሁ። በጣልያን ጊዜ ከዚህ ሌላ የቀረልኝ ነገር አልነበረም። ዶሮ ሲጮኽ እነሣለሁ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግማለሁ፤ ልደታ ሄጄ ደጁን እሳለማለሁ፤ ከቁራሼ ግማሹን ለነዳያን እሰጣለሁ። ከዚያ ቤቴ ተመልሼ ከግድግዳው ጋር እፋጠጣለሁ። ባሌ ሀብተሥላሴ ከሞተ ወዲህ ቀኑን ሙሉ «ወለተሰንበት» ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። አንዳንዴ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ብዬ ድመቷን እሰድባት ነበር።

ሀብተሥላሴን የወሰዱት በዚያ በየካቲቱ ፍጅት ነው። ጥቁር ሸሚዞቹን እየመራ ደጃችን ያደረሳቸው ሩቅ ሰው አይደለም፤ አጥር የምንጋራው ፈቃደ ነው። ለጣልያን አስተርጓሚ ሆኖ ነበር። ዓመት ሳይሞላ እሱንም አርበኞች በሆለታ መንገድ ገደሉት። ሚስቱ ጠጅቱ ስታለቅስ በአጥሩ በኩል ሰማኋት። ለቅሶ አልደረስኩም፤ ከሰፈሩም የደረሰ የለም። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

የልደታ ማርያም ማኅበር ነበረን፤ አሥራ ሁለት ነበርን። ወር በባተ በመጀመሪያው ቀን በየተራ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ዳቦና ጠላ ይቀርባል፤ ስንበተን ነጭ ጨርቅ የለበሰችውን ጽዋ የሚቀጥለው ተረኛ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይወስዳታል። የተጣላ ሰው ጽዋ አይቀባበልም፤ መጀመሪያ «ይቅር ለእግዜር» መባል አለበት። ፍጅቱ ሲመጣ ጽዋዋ እኔ ቤት ነበረች። ከእኔ ቀጥሎ ተረኛዋ ጠጅቱ ናት።

አልሰጠኋትም። ከማኅበርተኛው ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ሸሽቷል፤ ማን ይጠይቀኛል? ወር በገባ ቁጥር ብቻዬን ጋግሬ፣ ብቻዬን ጠምቄ፣ ጽዋዋን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ በዓሉን አከበርኩ እላለሁ። ለባዶ መደብ ጠላ እቀዳለሁ። በዚያው ቀን ከጠጅቱም ግቢ የዳቦ ሽታ ይመጣል። «ለማን ልታበላ ነው? ለጣልያን?» እላታለሁ ድመቷን።

ከፍጅቱ በዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ ለመቁረብ ፈልጌ የነፍስ አባቴን መምሬ ሀብተ ማርያምን አነጋገርኳቸው። ጾሜን፣ ጸሎቴን፣ ምጽዋቴን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣

«ጽዋዋስ?» አሉኝ።

«የቷ ጽዋ?»

«ወለተሰንበት፣ እኔን ልታታልዪ ነው?»

«ባሌን ያስገደለው ባሏ ነው፣ አባቴ! እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ስጫትና ነይ፤ አቆርብሻለሁ።»

ተናድጄ መስቀላቸውን ሳልሳለም ወጣሁ። ፋሲካም ሳልቆርብ አለፈ። ብቻዬን ፈሰክሁ፤ እንቁላሉን ለድመቷ ተውኩላት። ከሰው ተለይቼ መኖሩን ለምጄው ነበር፤ ከቁርባኑ መለየት ግን ሌላ ብቸኝነት ሆነብኝ። ይኼኛውን አልቻልኩትም።

የግንቦት ልደታ ዕለት ጽዋዋን ተሸክሜ ጠጅቱ በር ላይ ቆምኩ። ከእኔ በብዙ ታንሳለች፤ ፀጉሯ ግን ሸብቷል። ጽዋዋን ስታይ ተንበረከከች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። ከኋላዋ ቤቱን አየሁት። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዳቦው ተጋግሯል፣ መደቡ ላይ አሥራ ሁለት ዋንጫ ተደርድሯል።

«እንግዳ አለብሽ?» አልኳት።

«የለም፣ እትዬ። ተራዬ ነው ብዬ ነው። በየወሩ አዘጋጃለሁ። እስከ ማታ ጠብቄ ካልመጡ ለነዳያን እወስደዋለሁ።»

ከዓመት በላይ ስሳለቅበት የኖርኩት ዳቦ የተጋገረው ለእኔ ነበር። አፈርኩ።

«ይቅር ብለውኝ ነው የመጡት?» አለች፣ ከመሬት ሳትነሣ።

«አላውቅም። ሀብተሥላሴን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። አንቺ ግን አልገደልሽውም። ይህንንም ዛሬ አይደለም ያወቅሁት።»

«እንግዲያው እንዴት ብዬ ልቀበል?»

«ይቅር ይበሉኝ በይኝ። አፌ ይበል፤ ልቤ ከኋላ ይመጣል።»

«ስለ ልደታ ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ይቅር ለእግዜር» አልኳትና ጽዋዋን ሰጠኋት። እኔም ይቅር በይኝ ልላት የሚገባ ነገር ነበረኝ፤ የዚያን ዕለት አልወጣልኝም።

ከአሥራ ሁለቱ ዋንጫ ሁለቱን ብቻ ይዘን ተቀመጥን። ልነሣ ስል ጠጅቱ፣

«የሚቀጥለው ተረኛ ማን ነው?» አለች።

በተራቸው መቁጠር ጀመርን። ባፈና በፍጅቱ ሞተች። እንዳለች ሐዘኑ ገደላት። ሚደቅሳ ከነልጆቹ ሸሸ፤ ወሬው ጠፍቷል። ጋሻውን ወስደው አልመለሱትም። በእያንዳንዱ ስም ላይ ትንሽ እየቆየን ቆጠርን። መጨረሻው ላይ ጠጅቱ መቁጠሯን አቋርጣ የጽዋዋን ጨርቅ ማስተካከል ጀመረች።

«ማነው? ተናገሪ እንጂ።»

«እርስዎ ነዎት» አለች ቀስ ብላ።

በሰኔ መባቻ ቤቴ ልትመጣ ነው ማለት ነው። ባሏ ሰዎቹን ይዞ በገባበት በር ገብታ፣ ሀብተሥላሴ ይቀመጥበት በነበረው መደብ ልትቀመጥ። ከዚያ ደግሞ እኔ እሷ ቤት፤ ሌላ ተረኛ የለማ። ያቺን «ይቅር ለእግዜር» በየወሩ ልላት ነው። አንድ ቀን ብያት የምገላገል መስሎኝ ነበር።

ጽዋዋን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች፤ ልስጥ አልስጥ ትላለች።

«ስጪኝ» አልኳት። «ደግሞ እንዳትቀሪ። ጠላ የምቀዳለት ሰው የለኝም።»