መልስ ያጣው ፍለጋ

ወንድሜን አዛናውን ከጅጋ በባጃጅ አምጥቼ ፍኖተ ሰላም አንድ የግል ክሊኒክ አስተኛሁት። ሳንባው ተይዞ እንደ ወናፍ ይነፋል፤ መናገር አቅቶታል። ሰውነት የሚባለው ሐኪም መርፌ ሊወጋው ሲሰናዳ እጁን ያዝሁት።

«አምና እዚሁ አንድ መርፌ ወግታችሁት ፊቱ አብጦ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ከሞት አፍ ነው የተመለሰ። የመድኃኒቱን ስም እኔን አትጠይቀኝ፤ የጻፋችሁት እናንተ። ካርዱን እይ!»

«ቶሎ ይምጣ እንግዲህ እናቴ፤ ብዙ አያቆየንም» አለ የወንድሜን ደረት እያየ።

ካርድ የሚያወጣው ፍጹም የሚባል ልጅ በመስኮቱ የበሽተኛውን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ኮምፒውተሩን ይነካካል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይነካካል። ኋላ «ሲስተሙ ተጨናንቋል» አለኝ።

«እኔም ተጨናንቄያለሁ!» ብዬ ሰልፈኛውን በትከሻዬ ገፍቼ ከጀርባው ወዳለው ክፍል ገባሁ።

አንዲት ልጅ፣ ሄቨን ይሏታል፣ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣለች። ቀይ መስመር ሽቅብ ይወጣል።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የዳታቤዙ ጤና ነው እማማ። የሁሉም ሰው ካርድ እሱ ውስጥ ነው ያለ። ሲታመም እዚህ ላይ ይታየኛል።»

«አንቺ የብረት ትኩሳት ስትለኪ የሰው ትኩሳት ይግደል?»

አልተቆጣችም፤ ላብ አጥምቋታል። «አንድ ፍለጋ አሥራ አንድ ደቂቃ ይዞ አልለቅም አለ። ሌላ ጊዜ ዓይን እስኪጨፈን አይፈጅም። ስሙን ከካርዶቹ ቢያጣ ሐኪሞች ባሥር ዓመት የጻፉትን ሁሉ እየገለጠ ያነባል። ፍጹም ደግሞ ዘገየ ብሎ ዘጠኝ ጊዜ ልኮታል፤ ዘጠኙም መንገድ ዘግተዋል።»

«የማን ስም ነው?»

«ወልደ ገብርኤል። የአባት ስም የለ፣ ቀበሌ የለ።»

ወልደ ገብርኤል ወንድሜ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲያጣጥር ቄሱ በጸሎት የሚያነሡት የክርስትና ስሙን ነው፤ ጠዋትም ለንስሐ አባቱ ይህንኑ ሰጥቼ ነው የወጣሁ። መስኮቱ ላይም አፌ ያንኑ ደገመ። አፌን ይቁረጠው!

«እኔ ነኝ» አልኋት። «አዛናው ክንዱ በይ። የጅጋ ሰው።»

«መጀመሪያ እነዚያን ላቋርጣቸው።»

«ፍጠኚ!»

«ቀስ ይበሉ እማማ፤ መካከላቸው ነርሷ አሁን የምትጽፈው አለ። እሱን ብቆርጥ የሌላ በሽተኛ ነገር ይጠፋል።»

አንድ በአንድ እየለየች ትቆርጣለች። አንድ። ሁለት። የወንድሜ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ በግድግዳው በኩል ይሁን በራሴ ውስጥ፣ እንጃ። ዘጠነኛው ሲወድቅ ቀዩ መስመር ቁልቁል ወረደ። ስሙን ጻፈች፤ ካርዱ ከች አለ።

«ፔኒሲሊን! ፔኒሲሊን እንዳይሰጠው ይላል!»

በዚህ ዕድሜዬ ሮጥሁ። ሐኪሙ የወንድሜ ከንፈር ጠቁሮበት፣ መጠበቁን ትቶ መርፌውን ሞልቷል፤ ጭኑን በጥጥ ይጠርጋል።

«ተው አንተ! ተው!»

ሄቨን ከኋላዬ እያለከለከች የፔኒሲሊኑንም የስሙንም ነገር ነገረችው። እጁ አየር ላይ ቀረ። መርፌውን አስቀመጠና የሌላ መድኃኒት ብልቃጥ ሰበረ።

«ስሙን መጀመሪያ በትክክል ሰጥተው ቢሆን...» ብሎ ጀመረ።

«በትክክል ነው የሰጠሁት! ለእግዜር የሚሰጠውን ለእናንተ መስጠቴ ነው ጥፋቴ። አሁን ሥራህን ሥራ፤ ኋላ ትቆጣኛለህ።»

ወጋው። ወንበር ቢያመጡልኝ አልተቀመጥሁም። ደረቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። አንዳንዴ ሳይነሣ ይቆያል። በቆየ ቁጥር የሄቨንን እጅ ጭምድድ አደርገዋለሁ፤ እሷም አልነጠቀችኝም።