የሁለት ቁልፍ ውኃ

ሳጅኑ አልመጣም። እኔ የማውቀው ሳጅን ደግሞ ሰማይ ቢደፋ ከሰዓቱ የማይዛነፍ ሰው ነው።

የምንሠራበት የውኃ ሞተር ቤት ወንዙ ዳር ነው። ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ እኛ ከተማ፣ ሌላው ወደ ጎረቤቶቻችን ከተማ ይከፈታል። ወለሉ መሃል ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቷል፤ አንዱ በሌለበት ሌላው እሱን ማለፍ ክልክል ነው። የዋናው ቧንቧ መዘውር በሰንሰለት ታስሮ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። የአንዱ ቁልፍ እኔ ዘንድ፣ የሌላው የእነሱ ጠባቂ በሆነው በሳጅኑ ዘንድ ነው። ሁለቱም ካልተከፈቱ ሰንሰለቱ አይፈታም፤ ሰንሰለቱ ካልተፈታ ለሁለቱም ከተማ ጠብታ ውኃ አይሄድም። ትልልቆቹ ሰዎች ሩቅ አገር ሆቴል ውስጥ ሲመክሩ ከርመው የደረሱበት ሰላም ይኸው ነው።

ጦርነቱ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ከፊርማ ነው የመጣው። እኛ ከአንድ ትልቅ አገር ጋር «አንተን የነካ እኔን ነካ» ተባብለን ተፈራረምን። ጎረቤቶቻችን «ለምን? ማንን ፈርተው ነው?» ብለው ሠጉና ከሌላ ትልቅ አገር ጋር ተፈራረሙ። እኛም «ይኸው! አላልንም?» አልን። ከዚያ ሁለቱ ትልልቆች፣ እኔ ካርታ ላይ ፈልጌ ባጣሁት ወደብ ተጣሉ። ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ውኃ ስንጠጣ በኖርን ሰዎች ላይ መድፍ እንተኩስ ጀመር፤ እነሱም አላነሱንም። በሰው ጠብ! ታላቁ ልጄ እዚሁ ወንዝ ዳር ቀረ። ሳጅኑ ያን ጊዜ ማዶ መድፈኛ ነበር። የትኛው መድፍ ላይ እንደነበረ ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ሰምቼ በማግስቱ አብሬው መሥራት የምችል አልመሰለኝም።

ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። «እንደምን አደሩ?» «ደህና፣ እርስዎስ?» ከዚያ ወዲያ ዝም። አንቱ ነው የምንባባለው፤ ሰው ከሚጠረጥረው ጋር ትሕትና ያበዛል። እሱ ምሳ ዕቃዬን በዓይኑ ይፈትሻል፤ እኔ የካፖርቱን ኪስ። ማታ ስንዘጋ እሱ የኔን ጓጉንቸር ጎተት ያደርጋል፤ እኔ የሱን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አምናማ ቁልፉን መዘውሩ ላይ ረስቶ ፊቱን ሊታጠብ ዘወር ሲል፣ ሳሙና ላይ ተጭኜ ቅርጹን ወሰድኩ። ብየዳ ቤት ያለው የእህቴ ባል እየሳቀ ሠራልኝ።

«ምነው እትዬ፣ የሰው ቤት ልትዘርፊ ነው?»

«አፍህን ትተህ እጅህን አሠራው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ከጡት መያዣዬ ወጥቶ አያውቅም። አላፈርኩበትም። እሱም ቢመቸው ያደርገው ነበር።

ደንቡ አጭር ነው። አንዱ ጠባቂ እስከ ረፋድ ካልመጣ፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አንሥቶ ለጦር ሰፈሩ ይናገራል። ጦር ሰፈሩ ለዋና ከተማ፣ ዋና ከተማው ለትልቁ ወዳጅ ይናገራል። ከዚያ ተጠባባቂ ወታደር ይጠራል። የቀረኝ ልጅ፣ ታናሹ፣ ተጠባባቂ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እጁ ላይ መቀስ እንጂ ጠመንጃ አያምርም። ሚስቱ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል። ባለፈው ክረምት ሌላ ኬላ ላይ እንዲህ ያለ ስልክ ተደውሎ «ለትንሽ ቀን ነው» ተብለው ከሄዱት ልጆች ገሚሶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ረፋድ ሆነ። ስልኩን አየሁት። በማዶው በር አንገቴን አስግጌ ሸምበቆውን አየሁት። ማንም የለም። ወጥመድ ነው አልኩ በሆዴ። ሳጅኑን አለቆቹ ያስቀሩት እኔ እንድደውልና እኛ ቀድመን ጦር አንቀሳቀስን እንዲባል ይሆናል። ዝም ብል ደግሞ ውኃው ይቋረጣል፤ ሆስፒታሉ ይጮኻል፤ ሌላ ሰው ይደውላል። በሌባ ቁልፌ ብከፍትስ? ሸምበቆው ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ተጋድሞ ይሆናል። «መስመር አልፈው ብቻቸውን ከፈቱ» ይባልና ልጄን በገዛ እጄ ልሰደው ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይባላል፤ እኔ ግን ገንፎው ጠፍቶኝ ስንጥሩ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ኪሴ ውስጥ ያለው ሞባይል ጮኸ። የከተማችን ውኃ ክፍል ሠራተኛ ነው።

«እትዬ፣ ታንከሩ እየተሟጠጠ ነው። ምን ልበል?»

«ሞተሩ ግሎ ነው፤ እያቀዘቀዝነው ነው በል።»

«ሰውዬውስ አለ?»

«ታዲያ የት ይሄዳል!» ብዬ ዘጋሁበት።

ከዋሸሁ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም። ቢጫውን መስመር አለፍኩ። የሳጅኑን ጓጉንቸር በግራ እጄ ይዤ የሌባ ቁልፌን አስገባሁ። አልዞር አለ። አወጣሁት፣ በቀሚሴ ጠረግሁት፣ መልሼ አስገባሁት። አሁንም እምቢ አለ። «የብየዳ ቤት ሥራ!» ብዬ የእህቴን ባል ከነዘሩ ረገምኩና በንዴት ጓጉንቸሩን ጎተትኩት።

ቁልፌ ሳይዞር እጄ ላይ ተከፈተ። ለዓይን ተጭኖ ነው እንጂ አልተቆለፈም ነበር።

ማታ ራሴ ጎትቼዋለሁ፤ ተቆልፎ ነበር። ስለዚህ እኔ ከሄድኩ በኋላ ሰው ገብቷል። ማን? ምን ትቶ ሄደ? በደረቴ ተኝቼ ሞተሩ ሥር ፈንጂ ፈለግሁ፤ ከቧንቧው ጀርባ ሽቦ ፈለግሁ። ያገኘሁት አንድ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነው፤ እሱም የራሴ። በመጨረሻ ፍርሃቱ ራሱ ሰለቸኝ። «የመጣው ይምጣ» ብዬ የራሴንም ከፈትኩ፣ ሰንሰለቱን ፈታሁ፣ ሞተሩን አስነሣሁ። ውኃው ለሁለቱም ከተማ ሄደ። ቀኑን ሙሉ የማዶውን በር ሳይ ውዬ ማታ ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። ልጄ «እማዬ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል?» ሲለኝ ደከመኝ ብቻ አልኩት። እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ሳጅኑ ቀድሞኝ ቆሟል። ጢሙን አልተላጨም፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ትናንት የት ነበሩ?» አልኩት፣ ሰላምታውን ትቼ።

«ባለቤቴን ቀበርኩ።»

ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። «እግዜር ያጽናዎት» አልኩ።

«ለአለቆቼ ብናገር በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይልኩ ነበር። የሚልኩትን አውቀዋለሁ፤ ሰበብ ፈላጊ ነው። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ገጠር ወስጄ ቀበርኳት። ከመሄዴ በፊት እዚህ መጥቼ ጓጉንቸሬን ከፈትኩት።»

«እኔ እንደምነካው በምን አወቁ?»

«ቁልፍ አስቀርጸው የለ?»

እጄ ሳላውቀው ቁልፉ ወዳለበት ደረቴ ሄደ።

«አምና ቁልፌ ጥርስ ላይ ሳሙና አገኘሁ» አለ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ። «በማግስቱ መሳዩን ጓጉንቸር ገዝቼ ቀየርኩት። የእርስዎ ቁልፍ እንደማይከፍተው ስለማውቅ ነው ክፍት የተውኩት።»

ዓመት ሙሉ ደረቴን ሲቧጭረኝ የኖረው ተራ ብረት ነበር ማለት ነው! ተናደድኩ፤ አፈርኩ፤ ሳቄም መጣ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሚስቱን ቀባሪ ሳይጠራ፣ እንደ ሌባ ተደብቆ መቅበሩ ነው።

«ቆይ፣ ጓጉንቸሩን ሳልነካ ደውዬ ቢሆንስ? እኔን እንዴት ያምኑኛል?»

«አላምንዎትም» አለ ሳጅኑ። «ልጅ እንዳለዎት ግን አውቃለሁ። ለእኔም የቀረኝ አንድ ነው፤ እሱም ተጠባባቂ ነው።»

አለቀስኩ። ለሚስቱ ይሁን፣ ለልጄ ይሁን፣ ለልጁ ይሁን አላውቅም፤ ጠላቴ ፊት ቆሜ አለቀስኩ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ሁለታችንም ከፍተን ሞተሩን አስነሣን።