መጭ ከኑግ

እማ የምትኖርበት ወንዛዬ ደርሰን ገና ከሚኒባሱ ሳንወርድ ወንድሜ ባምላኩ የእማን ማሳ አየና «ኑጉማ አምሯል» አለኝ። ከሩቅ ያምራል። ባምላኩ ደብረ ታቦር ባጃጅ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ለሱ ቢጫ ሁሉ ኑግ ነው።

ጠጋ ብዬ ሳይ አብዛኛው መጭ ነው። መጭ አበባው ቁርጥ ኑግ ነው፤ ግን ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ንብ ይወደዋል፣ ለእኛ አረም ነው። ነሐሴ ላይ ያረመችው እማ ናት። ኑጉን ነቅላ መጩን ትታዋለች።

«አዎ፣ አምሯል» አልኩት። ባምላኩ የመጣው እማን ዓይንሽ ደክሟል ብሎ ከተማ ሊወስዳት ነው። እሷ እዚያ ምን ላርም፣ አስፋልት? ብላዋለች። ይሄን ካየ አበቃላት።

እሱ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲሄድ እጇን ይዤ ማሳው ውስጥ አስገባኋትና ነገርኳት። ጎንበስ አለች። አንድ ቅጠል ዳሰሰች፣ ሌላ ዳሰሰች። ፊቷ ጠቆረ።

«ይሻክራል። መጭ ነው» አለች። «ያኔ ጓንት አድርጌ ነበር።»

ጓንቱን ከኩዌት ያመጣሁላት እኔ ነኝ፤ እጇ እንዳይሰነጠቅ ብዬ። ለካ ስንት ዓመት ስታርም የኖረችው በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ እየለየች ነው። እሷም አላወቀችም።

ከሁለቱም እየቀጠፍኩ ሰጠኋት። አንዱንም አልሳተችም። በቃ ለባምላኩ አንነግረውም አልኳት።

«የወለድኩትን አልዋሽም።»

ሲመለስ ሁሉንም ነገረችው። እሱ አየሽ፣ እኔ ምን አልኩ ማለት ሲጀምር ዓይኑን አስጨፈነችውና ቅጠል አስያዘችው። ኑግ ነው አለ። መጭ ነበር።

«በል፣ አንተንም ከተማ ይውሰዱህ» አለችው።

ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና «እሺ እማ፣ ቅጠሉን ታውቂዋለሽ። እሳቱስ? እባቡስ?» አላት።

እማ መሬት መሬት አየች። ባምላኩ አንጀቱ አልቻለም መሰል፣ እስከ አጨዳ ትቆይ፣ ከዚያ እናያለን አለና ብቻውን ተሳፈረ።

እኔ ቀረሁ። መጩ ዘሩን ሳያረግፍ መነቀል አለበት። እማ ጓንቱን ለእኔ ሰጥታ በባዶ እጇ ገባችበት። ቶሎ ቶሎ ትነቅላለች። ልደርስባት አልቻልኩም።