ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው

ኑ፣ እዚህ ቁጭ በሉ። ከኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚው ላይ ቦታ አለ። ሸዋ ሮቢት ላይ በዚህ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ራሱን የጠላ ነው። ሻይ ከፈለጋችሁ ብዙነሽ ታመጣለች፤ ባትፈልጉም ታመጣለች፣ ሻይ ቤቱ የእሷ ነው። እኔ የማጫውታችሁ ስለ ወዳጄ ስለ አደም ነው።

አደም የማሾ ነጋዴ ነበር። በልጅነቱ ከአሊዩ አምባ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። በኋላ ንግዱን ትቶ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ባለችው መሬቱ ላይ ሽንኩርት ማልማት ያዘ። እኔ ዘውዴ ነኝ፤ ጎሚስታ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ንባቤ የጠነከረው ሾፌሮች ጥለውት የሚሄዱትን ጋዜጣ ጎማ ሥር ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው። ሦስተኛችን ሰይፉ ነው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ምላሱ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ በየቀኑ አንድ ጋዜጣ ለብዙነሽ ያደርሳል። መንገድ ሲዘጋ የሦስት የአራት ቀኑ አንድ ላይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ድግስ ነው። የፊቱን ገጽ የፈለገ ያንብበው። እኛ የምንፈልገው የጀርባውን ነው፤ ያችን ጥቁርና ነጭ ቤት ያላትን የቃላት ጨዋታ። መልሶቿ አንዱ ወደ ጎን አንዱ ወደ ታች ስለሚሞሉ «አግድምና ቁልቁል» እንላታለን።

ወግ አለን። ስክሪብቶው አደም እጅ ነው፣ ጽሕፈቱ ስለሚያምር። የሚያውቀውን ማንንም ሳያማክር ይጽፋል። ያቃተውን ብቻ ጮክ ብሎ ያነብልናል፤ ያን ጊዜ እኔና ሰይፉ እንጣላበታለን። እርሳስ ክልክል ነው። ሰይፉ «እርሳስ የያዘ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ ሊሳሳት አስቦ ነው» ይላል። ተሞልታ ስታልቅ ደግሞ ትችቱ ይጀመራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመሙላቱ ይልቅ የሚጥመን ትችቱ ነበር። የጨዋታውን አዘጋጅ አናውቀውም፤ ስሙም አይወጣም። ግን እንደ ጎረቤት እናማዋለን።

«ይኸው ደግሞ ገብስ» ይላል ሰይፉ። «ይሄ ሰውዬ ከገብስ በቀር እህል አያውቅም። ማሾ የሚባል ነገር በሕይወቱ አልቀመሰም።»

«ቦታ ሲጠበው ወደ ቻድ ይሮጣል» እላለሁ እኔ። «የአፍሪካ አገር፣ ሁለት ፊደል። በሳምንት ስንት ጊዜ ቻድ እንሂድ?»

«የወንድ ስም፣ ሦስት ፊደል» ብሎ አደም ያነባል። «ይሄ ጥያቄ ነው? የአገሩ ወንድ በሙሉ ተሰልፎ ይለካለት?»

እንዲህ ስንል ነው ዓመታት ያለፉት።

ካቻምና ሰኔ ላይ ጨዋታዋ እምቢ ትለን ጀመር። አግድሙ ከቁልቁሉ አልስማማ አለ። አንዱን ስንሞላ ሌላው ይበላሻል፤ መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌለው ነገር እናገኛለን። እኛ ምን አልን? ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው አልን። ስናማው በኖርነው ሰው ላይ ይህን መጨመር ምንም አልከበደንም። በማግስቱ መልሱ ሲወጣ ከእኛው የተለየ ነው። ሰይፉ መልሱም ተሳስቷል አለ።

«ይሄ ሰው ጃጅቷል» አለ አንድ ቀን ጋዜጣውን እየገፋ።

ከሁላችንም በላይ የሳቀው አደም ነበር። «ልጆች የሉትም እንዴ?» አለ። «ምነው ቤት ቁጭ ቢያደርጉት።»

ሐምሌ ላይ መንገድ ተዘጋና ጋዜጣ ቀረ። ሥራ ስፈታ ብዙነሽ ቦምቦሊኖ ልትጠቀልልባቸው ካስቀመጠቻቸው አሮጌ ጋዜጦች መሃል እኛ የሞላናቸውን አውጥቼ ከመልሶቹ ጋር አስተያይ ጀመር። ያው አዘጋጁን የምከስበት ነገር ፍለጋ ነው። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። ከባዶቹ ጥያቄዎች፣ ማለት አደም ጮክ ብሎ ያነበበልን፣ በሙሉ ልክ ናቸው። የተሳሳቱት ማንንም ሳያማክር የጻፋቸው ቀላሎቹ ናቸው። «የመርከብ ማረፊያ» ለሚለው «ጀልባ» ተጽፏል። «የእንቁላል አስኳል ቀለም» ለሚለው «ነጭ» ተጽፏል። ሁሉም በዚያ በሚያምር ጽሕፈት፣ ሳይሰረዝ ሳይደለዝ።

ለሰይፉ ነገርኩት። «አንተ ዓይንህን ታከም» ብሎኝ ተነስቶ ሄደ። እሱም ግን መንገዱ ተከፍቶ ጋዜጣው መምጣት ከጀመረ ወዲህ አደም ሲጽፍ በትከሻው በኩል ያጮልቅ ነበር። አይቼዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የአደም ልጅ ሒክማ የጨርቅ ሱቋን ዘግታ እኔ ጋ መጣች። ሌሎቹ ገና አልደረሱም።

«ጋሽ ዘውዴ፣ አባቴን እንዴት ያዩታል?»

«ምነው ልጄ?»

«የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሰግዶ ሲያበቃ መልሶ ይሰግዳል። እናቴን ከገበያ አልተመለሰችም ወይ ይለኛል። እናቴ ከሞተች ስንት ጊዜዋ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ የመስኖ ውሃ ከፍቶ ረስቶት የሰው ማሳ አጥለቀለቀ። ወንድሜ ኢልያስ ከአዳማ ደውሎ ምን እንደሚለኝ ያውቃሉ? በየቀኑ ጋዜጣ ሞልቶ የሚገባ ሰው ምን ሕመም አለበት ይለኛል። አባቴም ራሱ ይህንኑ ነው የሚለኝ። ሐኪም ቤት ስለው ጋዜጣውን ዘርግቶ ያሳየኛል።»

ያ ጋዜጣ ግማሹ የእኔና የሰይፉ እንደሆነ እንዴት ልበላት?

«አሁን ከእሱ ጋር ተስማምተናል» አለች። «ማክሰኞ እፊቴ ብቻውን ይሞላል። ከሞላ ሐሙስ ለውሃ ተራው እንደ ድሮው ብቻውን ወንዙን ይሻገራል፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ካልሞላ መሬቱን ባለቤቴ ጣሪቅ ያያል፤ አባቴም ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። በአላህ ይሁንብዎ፣ እንዳያግዙት።»

እናንተ የእኛን ወንዝ ላታውቁት ትችላላችሁ። ሮቢ በክረምት የሚታመን አይደለም። እዚህ ፀሐይ ነው፣ አቧራ ነው፤ ጣርማበር ላይ ግን ሰማዩ ይጠቁራል። ከዚያ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይመጣል። የሚሻገር ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ደጋውን ያያል፣ ቀጥሎ ቆሞ ያዳምጣል። አደም በዚህ የተመሰከረለት ነበር። ከቀወት የሚመጡ ገበያተኞች ወንዙ ዳር ሲደርሱ «አደም ተሻግሯል ወይ?» ብለው ነበር የሚጠይቁት።

ማክሰኞ ደረሰ። አደም ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ መጣ። ሒክማ ከጎኑ ተቀመጠች። ሰይፉ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ።

«ዛሬ ፈተና ነው» አለ አደም። «ሰይፉ፣ አንተ ተፈትነህ ስለማታውቅ ፈርተሃል።»

«እኔ ፈታኝ ነበርኩ። ይልቅ መኮረጅ የለም።»

«ካንተ? ካንተ ኮርጄ የት ልደርስ?»

ሳቅን። ስክሪብቶውን ከፍቶ እያንዳንዱን ጮክ ብሎ እያነበበ ይሞላ ጀመር። ጥሩ ጀመረ። ንብ የምትሠራውን ጻፈ፤ የቅዳሜን ማግስት ጻፈ። ቻድም መጣች፤ «ሄደን እንምጣ» ብሎ ጻፋት። ሰይፉ በደስታ ጉልበቴን ይነካኛል። እኔም፣ እንዲያው ተሳስቼ ይሆናል፣ የዚያ ሰሞን ድካም ይሆናል እያልኩ ራሴን ማታለል ጀመርኩ። ሒክማ እንኳ ፊቷ ፈታ ብሏል። ልጅ አባቷ ሲያሸንፍ የማትወድ የት አለች።

«ቁልቁል ዘጠኝ» አለ አደም። «ደጋ ሲዘንብ ወደ ቆላ ወርዶ ያገኘውን የሚጠርግ። ሦስት ፊደል።» ፈገግ አለ። «ይሄማ የሕፃን ጥያቄ ነው።»

ሳያመነታ ጻፈ። ዝናብ።

ብዙነሽ ብርጭቆ ታነሳ ነበር፤ እጇ እዚያው ቀረ። እሷ ፊደል ቆጥራ አታውቅም፣ ጥያቄውን ግን ሰምታለች። ይህ የሮቢ ዳር ሰው ሁሉ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ የሚማረው ነው። አደም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። አግድሙ ግን ከ«ዝናብ» ጋር አልሄድ አለው። ደጋግሞ ሞከረው። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ቀና ብሎ አየን።

«ይሄ አዘጋጅ ዛሬም…» አለ።

ሰይፉ ተቀበለው። «እኔ ምን አልኩ? ጥፋቱ የእሱ ነው። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል? እለፈው፣ እለፈው ይሄን።»

ሒክማ ሰይፉን አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ። «ጋሽ ዘውዴ፣ የጻፈው ልክ ነው?»

አደምም አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ልመና አልነበረም። የለመነኝ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም። የሚያምነውን ወዳጁን ነበር የሚያየው፤ ልክ ነው እንደምል እርግጠኛ ሆኖ።

«አይደለም ልጄ» አልኩ። «ጎርፍ ነው።»

ባጃጅ አለፈ፤ አቧራው እስኪቀመጥ አደም ወረቀቱን አፍጥጦ ያይ ነበር።

«ጎርፍ» አለ ቀስ ብሎ። «ጎርፍን አውቃለሁ። ሁለቱን በሬዎቼን የወሰደው እሱ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልመጣልኝም?»

ሒክማ እጁን ልትይዘው ስትል ቀስ አድርጎ አነሳው። ስክሪብቶውን ከደነውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ከእሷ አፍ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ዘውዴ» አለኝ። «እሷ ልጄ ናት። አንተ ግን ከእኔ ጋር የተቀመጥክ መስሎኝ ነበር።»

ተነስቶ ሄደ። ሒክማ ተከተለችው።

ሐሙስ ጣሪቅ ተሻገረ። እኔ ቀኑን ሙሉ ጣርማበርን ሳይ ዋልኩ። ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ወንዙ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፤ ጣሪቅ ማሳውን አጠጥቶ ሱሪውን እንኳ ሳያረጥብ ተመለሰ። ሰይፉ እዚያው ጠራራ ፀሐይ ላይ አገኘኝና «ይኸው» አለኝ። «ቢሄድ ምን ይሆን ነበር?» ሌላ ሐሙስ ጎርፍ መጥቷል፣ ከብትም ወስዷል። ግን ይህ የሰይፉን ጥያቄ አይመልሰውም።

ሐኪሙ ኪኒን ሰጠው፤ ሕመሙን ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም አለ። አደም ከቤት መዋል ጀመረ። ሰይፉ ሕመሙ የቸኮለበት መሬቱን ስለተነጠቀ ነው ይላል። ሒክማ በጊዜ ባንደርስ ይብስ ነበር ትላለች። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ፤ ለዚህም ነው እንቅልፍ የሚያንሰኝ። አግድምና ቁልቁሏን አሁን የምንሞላት እኔና ሰይፉ ነን። አዘጋጁን ማማት ትተናል። ሰውየው ሁሌም ልክ ነበር።

አደምን ቤቱ እየሄድኩ አየዋለሁ። ብዙውን ቀን በፈገግታ ይቀበለኛል፤ «አህለን፣ ግባ ግባ፤ ከየት ነህ?» ይለኛል፤ እንደ እንግዳ ያከብረኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ገና በር ላይ ሳለሁ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርብኛል። አያናግረኝም። ያኮርፈኛል። ሒክማ ታፍራለች፤ እኔ ግን የምወደው ያንን ቀን ነው። ያን ቀን ማን እንደሆንኩ ያውቃል። አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፤ እሱ ግድግዳውን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ።

አሁን ሒክማ ቀትር ሲበርድ መስጊዱ አጠገብ ታወጣዋለች። ታገኙት ይሆናል፤ ረጅም ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ያደርጋል። እኛ ሰው ስናገኝ «አወቁኝ? ማን ነኝ?» የምንለው ልማድ አለን። እሱን እባካችሁ እንዲህ አትበሉት። ቀድማችሁ ስማችሁን፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ንገሩት፤ እጁን ይዛችሁ ትንሽ ቁሙለት። ይችን ብቻ አስታውሱልኝ።